ድምሩ ልክ ሆኖ ትልቁ ዓሣ የጠፋበት ፕሮግራም

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። አክስቴ አሞራ ገደል ዓሣ ትሸጣለች። ጠዋት የተመዘኑትን ቆሮሶዎች ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚደረድር ፕሮግራም ሲ በሚባለው ቋንቋ ጻፍኩላት። ለሙከራ የአምስት ዓሣ ክብደት በግራም አስገባሁ፦ 310፣ 180፣ 450፣ 260፣ 220። የወጣልኝ ግን 0፣ 180፣ 220፣ 260፣ 310 ነው። ፕሮግራሙ ያወጣው ድምር 1420 ነው፤ ይህ ደግሞ ትክክለኛው ድምር ስለሆነ መረጃው አልጠፋም ብዬ አሰብኩ። ያው ፋይል በጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ልክ ይሠራል። በኮዱ ውስጥ ጄ የቦታ ቁጥር፣ ኤን የዓሦቹ ብዛት ነው፤ ‹ጄ ከኤን ያንሳል› የሚለውን ‹ጄ ከኤን ሲቀነስ 1 ያንሳል ወይም እኩል ነው› አድርጌ ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። ጄን ከ1 ሳስጀምረው ዜሮው ወደ ሁለተኛው ቦታ ሄደ። መደርደሪያውን ወደ ራሱ ፈንክሽን (በስሙ ወደሚጠራ የኮድ ክፍል) ሳወጣው ደግሞ 180፣ 310፣ 450፣ 260፣ 220 ብሎ ቆመ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለሬ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ጎን ለጎን ያሉትን እያነጻጸረ የሚያለዋውጠውን ባብል ሶርትን ትቼ ክዊክ ሶርት የሚባለውን ሌላ የመደርደሪያ ዘዴ ልጠቀም?»

ምላሽ፦ ኮምፓይለርህ ጤነኛ ነው። ባብል ሶርትም የተከሰሰው ያለ ጥፋቱ ነው። የመጀመሪያው ስህተት የውስጠኛው ሉፕ (ተደጋጋሚው ዙር) አንድ እርምጃ ተርፎት ከድርድሩ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከተቀመጡበት ተከታታይ ቦታ፣ ውጭ መርገጡ ነው። ፈንክሽኑ ላይ ያየኸው ከዚህ የተለየ ሁለተኛ ስህተት ነው። ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ስለቆጠርካቸው ግራ ተጋብተሃል፤ ለያይተን እንያቸው። ከዚያ በፊት ግን «ድምሩ ልክ ስለሆነ መረጃው አልጠፋም» የሚለውን ሐሳብ ከአእምሮህ አውጣ። ዝርዝሩን አንዴ ረጋ ብለህ እየው። 450 ግራም የሚመዝነው ቆሮሶ የለም፤ ማንም ያልመዘነው 0 ግራም ዓሣ ገብቷል። አክስትህ ይህን ወረቀት ብታየው መጀመሪያ የምትጠይቅህ ትልቁ ዓሣ የት እንደገባ ነው፤ ጥያቄዋም ልክ ነው። 1420 የሚለው ድምር ትልቁ ዓሣ የት እንደተደበቀ የሚጠቁመን ዋናው ምስክር ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የላክኸው ኮድ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል። ኤ የሚባል አምስት ሙሉ ቁጥር የሚይዝ ድርድር፣ በተለምዶ አሬይ የምንለው፣ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ድምር የሚባል ተለዋዋጭ 0 ተሰጥቶታል። ኤን 5 ነው። የውጭው ሉፕ በአይ እየቆጠረ አምስት ዙር ይዞራል። የውስጠኛው ሉፕ ጄን ከ0 ያስነሳና ጄ ከኤን እስካነሰ ድረስ ይቀጥላል፤ በየእርምጃው በቦታ ጄ ያለውን በቦታ ጄ ሲደመር 1 ካለው ጋር ያነጻጽራል፤ የፊተኛው ከበለጠ ያለዋውጣቸዋል። በመጨረሻ እያንዳንዱን ቁጥር እያተመ ድምር ላይ ይጨምረዋል።

ሲ ቦታዎችን የሚቆጥረው ከ0 ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ አምስት ቦታ ማለት 0፣ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ማለት ነው። ጄ 4 ሲደርስ «ጄ ከ5 ያንሳል» የሚለው ሁኔታ እውነት ሆኖ ሉፑ ይቀጥላል፤ ቦታ 4ን ከቦታ 5 ጋር ያነጻጽራል። ቦታ 5 ግን የአንተ አይደለም።

ይህን በቃል ከሰማኸው ይልቅ በእጅህ ብትሠራው ይገባሃል። ኮምፒውተሩን ዝጋና አምስት የለስላሳ ቆርኪ ሰብስብ። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፈህ ክብደቶቹን ጻፍ፤ ጠረጴዛ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እንዳስገባሃቸው ደርድራቸው፦ 310፣ 180፣ 450፣ 260፣ 220። ከመጨረሻው ቆርኪ በስተቀኝ ሌላ ቀለም ያለው ስድስተኛ ቆርኪ አስቀምጥ፤ በላዩ 0 ጻፍበት። ይህ የጎረቤት ቆርኪ ነው። አሁን ኮድህ እንዳዘዘው ብቻ ተራመድ፤ ያላዘዘውን ከራስህ አትጨምር። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እጃቸው ኮዱ ያላለውን ልክ ነገር ይሠራል።

310 ከ180 ይበልጣል፤ ተለዋወጡ። 310 ከ450 አይበልጥም፤ ተዋቸው። 450 ከ260 ይበልጣል፤ ተለዋወጡ። 450 ከ220 ይበልጣል፤ ተለዋወጡ። አሁን ጠረጴዛው ላይ 180፣ 310፣ 260፣ 220፣ 450 አለ፤ ትልቁ ዓሣ ቀኝ ጫፍ ደርሷል። የመጀመሪያው ዙር እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ኮድህ ግን አንድ እርምጃ ይቀረዋል፤ 450ን ከጎረቤቱ 0 ጋር ያነጻጽራል። 450 ይበልጣል፤ ተለዋወጡ። የጎረቤቱ 0 ቤትህ ገባ፣ ትልቁ ዓሣህ ጎረቤት ሄደ። ከዚህ በኋላ በየዙሩ ዜሮው አንድ ቦታ ወደ ግራ ይጓዛል፤ በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ቦታ 3፣ በሦስተኛው ቦታ 2፣ በአራተኛው ቦታ 1፣ በአምስተኛው ቦታ 0 ላይ ይደርሳል። አምስቱን ዙር ስትጨርስ ጠረጴዛህ ላይ 0፣ 180፣ 220፣ 260፣ 310 ይኖራል፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ 450። የስክሪንህ ውጤት ቃል በቃል ይህ ነው።

ጄን ከ1 ስታስጀምር ያየኸውም በዚሁ ጠረጴዛ ይፈታል። ቦታ 0 ላይ ያለውን 310 የሚነካው የለም፤ ዜሮው ወደ ግራ ሲጓዝ ቦታ 1 ላይ ይቆማል። ውጤቱ 310፣ 0፣ 180፣ 220፣ 260 ይሆናል። በዚህ ለውጥ አንድ ስህተት ላይ ሌላ ስህተት ጨመርክበት እንጂ ምንም አላስተካከልክም። «ከኤን ሲቀነስ 1 ያንሳል ወይም እኩል ነው» ያልከው ደግሞ ከመጀመሪያው ምንም አይለይም፤ ጄ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ከ5 ማነስና ከ4 ማነስ ወይም እኩል መሆን አንድ ነገር ነው። ምልክት እየለዋወጡ ውጤቱ እስኪያምር መሞከር እንዲህ ያደክማል፤ ያማረ ውጤት ቢወጣልህም ለምን እንዳማረ አታውቅም።

አሁን ወደ ድምሩ። የጎረቤቱ ቆርኪ የማን ነው? ከድርድሩ ቀጥሎ ያወጅከው፣ በመነሻው 0 የተሰጠው ተለዋዋጭ ድምር ራሱ ነው። መደርደሪያው ሲያበቃ 450 የተቀመጠው ድምር ውስጥ ነው። ከዚያ የማተሚያው ሉፕ ከ0 የጀመረ እየመሰለው ከ450 ተነስቶ 0፣ 180፣ 220፣ 260 እና 310ን ይጨምራል። የእነዚህ ድምር 970 ነው፤ 970 ሲደመር 450 ደግሞ 1420። የጠፋው ዓሣ መቁጠሪያው ውስጥ ስለተደበቀ ቆጠራው ልክ ሆነ። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አያዝናናኝም፤ እንዲያውም በጣም ያሳስበኛል፤ አንድ ሰው በዚህ ድምር ተማምኖ ሒሳብ ሊዘጋ ይችላልና።

ይህን በእምነት እንዳትቀበለኝ፤ አረጋግጥ። የድርድሩን መነሻ አድራሻና የድምርን አድራሻ አድራሻ በሚያትመው ምልክት፣ በፐርሰንት ፒ (%p)፣ አሳትማቸው። ዛሬ በምትጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ሙሉ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 4 ባይት ስለሚይዝ አምስቱ 20 ባይት ይወስዳሉ። በሁለቱ አድራሻዎች መካከል ያለው ልዩነት 20 ከሆነ ድምር የቆመው በቦታ 5 ላይ ነው። አድራሻው የሚታተመው በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሆነ 20 የሚታይህ 14 ሆኖ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ አድራሻ የሚያትም መስመር መጨመርህ ራሱ ኮምፓይለሩ ተለዋዋጮቹን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ሊቀይርና ስህተቱን ሊሰውርብህ ይችላል። ተማሪ ሳለሁ አንድ የማተሚያ መስመር በጨመርኩ ቁጥር የሚጠፋ፣ ባወጣሁት ቁጥር የሚመለስ ስህተት ሁለት ሌሊት አስመሽቶኛል። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ አልደናገርም። «ስመለከተው ይጠፋል» የሚል ስህተት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከድርድር ውጭ መርገጥን ወይም ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሁለቱ አንዱ ሆኖ ይገኛል።

የጓደኛህ ላፕቶፕ ለምን ልክ አወጣ? በእርሱ ማሽን ላይ ከድርድሩ ቀጥሎ የተቀመጠው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። እዚያ ያለው ቁጥር ከ450 የሚበልጥ ከሆነ መለዋወጥ አይኖርም፤ ስህተቱ ተሠርቶም አይታይም። በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ከድርድር ውጭ ስታነብ 32764 ወይም 21845 የመሰለ ቁጥር ቢያጋጥምህ ብዙ ጊዜ የአንድ የሜሞሪ አድራሻ ቁራጭ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በስተቀኝ ቢቆም ከአክስትህ ዓሦች ሁሉ ስለሚበልጥ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ የጓደኛህ ኮምፒውተር የመሰከረው ስለ ኮድህ ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ ነው። ነገ ክብደቶቹ ሲቀየሩ፣ ወይም ኮምፓይለሩ ፍጥነት እንዲጨምር ሲታዘዝ፣ በእርሱም ላይ ሊበላሽ ይችላል።

እዚህ ላይ የሲን ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ ቋንቋውን ሲሠራው ዩኒክስን የመሰለ የሥርዓት ሶፍትዌር ለመጻፍ ነበር፤ እያንዳንዱ የድርድር ቦታ ሲነካ «ይህ ቦታ አለ ወይ» ብሎ የሚመረምር ዘበኛ አላቆመበትም። ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1989 ደረጃ ሲወጣለትም ከድርድር ውጭ ማንበብና መጻፍ ውጤቱ ያልተወሰነ ድርጊት ተብሎ ተቀመጠ። ይህ ማለት ኮምፓይለሩ ስህተት እንዲያሳውቅህ ግዴታ የለበትም፤ ፕሮግራሙ ሊቆም፣ የተሳሳተ ውጤት ሊያወጣ ወይም ልክ የመሰለ ውጤት ሊያወጣ ይችላል። ከመጨረሻው ቦታ ቀጥሎ ያለውን አድራሻ ማስላት ብቻ ተፈቅዷል፤ በዚያ አድራሻ ያለውን ማንበብም ሆነ መቀየር አልተፈቀደም። «ሠርቷል» የሚለው ቃል በፓይተን ወይም በጃቫ ካለው ክብደት በሲ በጣም ያነሰ ክብደት ያለው ለዚህ ነው።

ማስተካከያው አጭር ነው። ብዙ መጻሕፍት «ጄ ከኤን ሲቀነስ 1 ያንሳል» ብለህ ጻፍ ይሉሃል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ «ጄ ሲደመር 1 ከኤን ያንሳል» ብለህ እንድትጽፍ እመክርሃለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሉፑ ውስጥ የምትነካው ሩቁ ቦታ ጄ ሲደመር 1 ነው፤ ሁኔታው ስለዚያው ቦታ ቢናገር ኮዱን ያነበበ ሁሉ ወሰኑ መጠበቁን በአንድ እይታ ያውቃል። ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ቀን ኤንን አሉታዊ ቁጥር በማይቀበል ዓይነት ታውጀዋለህ፤ የሲ መደበኛ ላይብረሪ ራሱ መጠንን የሚገልጸው በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ነው። ያን ቀን ዓሣ ካልተያዘና ኤን 0 ከሆነ፣ ኤን ሲቀነስ 1 ከዜሮ በታች መውረድ ስለማይችል ዞሮ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ይሆናል፤ ለ32 ቢት 4,294,967,295። ሉፑ በባዶ ድርድር ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር እርምጃ ልሂድ ይላል። በመደመር ከጻፍከው ግን 1 ከ0 አያንስም፤ ሉፑ አንዴም አይገባም።

በየዙሩ ትልቁ ቁጥር ቀኝ ጫፍ ስለሚደርስ ወደዚያ ደጋግሞ መሄድ አያስፈልግም፤ ከኤን ላይ የውጭውን ሉፕ ቆጣሪ፣ አይ የተባለውን፣ ቀንስ፦ «ጄ ሲደመር 1 ከኤን ሲቀነስ አይ ያንሳል»። ይህ ሥራን ይቆጥባል እንጂ ለትክክለኛነቱ የግድ አይደለም። ሁለቱን ለውጥ በአንድ ጊዜ እንዳታደርግ፤ ወሰኑን አስተካክል፣ አረጋግጥ፣ ከዚያ ወደ ቁጠባው እለፍ።

ወደ ሁለተኛው ስህተት ስንመጣ፣ መደርደሪያውን ወደ ፈንክሽን ስታወጣ የዓሦቹን ብዛት ፈንክሽኑ ውስጥ አሰላኸው፤ የድርድሩን መጠን በሳይዝኦፍ (የአንድን ነገር መጠን በባይት በሚሰጠው የሲ ትእዛዝ) ወስደህ ለአንድ ቁጥር መጠን አካፈልክ። ይህ ስሌት ድርድሩ በታወጀበት ቦታ ልክ ነው፤ 20 ለ4 ሲካፈል 5። ድርድር ለፈንክሽን ሲሰጥ ግን የሚሻገረው የመጀመሪያው ቦታ አድራሻ ብቻ ነው። ፈንክሽኑ በእጁ የያዘው ፖይንተር (አድራሻ ብቻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) እንጂ ድርድር አይደለም፤ የፖይንተር መጠን በ64 ቢት ማሽን 8 ባይት ነው፤ 8 ለ4 ሲካፈል 2። ፈንክሽኑ ሁለት ዓሣ ብቻ ያለ መስሎት 310 እና 180ን አለዋውጦ ሥራውን ጨረሰ። የወሰኑ ስህተት እዚህም ስላለ ሦስተኛውንም ነክቷል፤ 310 ከ450 ስለማይበልጥ ብቻ አልታየም። በ32 ቢት ማሽን ፖይንተሩ 4 ባይት ስለሆነ ብዛቱ 1 ይወጣ ነበር። መፍትሔው አንድ ነው፤ ብዛቱን ድርድሩ በታወጀበት አስላና ከድርድሩ ጋር አብረህ ለፈንክሽኑ ስጠው። የፈንክሽኑን ግብዓት ስትጽፍ በቅንፍ ውስጥ 5 ብትል እንኳ ሲ ያንን ቁጥር አይመለከተውም፤ ዘበኛ እንዳይመስልህ።

ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር የምትጠቀም ከሆነ ይህን ሁለተኛውን ስህተት ነግሮህ ነበር። ግብዓቱን በድርድር መልክ ጽፈህ ሳይዝኦፍ ከተጠቀምክበት ያለ ምንም ተጨማሪ ትእዛዝ ያስጠነቅቃል። ተማሪዎች ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ፕሮግራሙ ከተነሣ በቃ ብለው ያልፉታል። እባክህ ይህን ልማድ ዛሬ ተው። ዎል (-Wall) እና ኤክስትራ (-Wextra) የሚባሉትን የማስጠንቀቂያ አማራጮች አብርተህ ሥራ፤ አንዲት ማስጠንቀቂያ እያለች ፕሮግራሙን አታስነሣ።

አሁን ከሁሉ የሚልቀው ነገር ላይ ደርሰናል፤ መደርደሪያ ልክ መሆኑን እንዴት ታውቃለህ? የአንተን ውጤት እንደገና ተመልከተው፦ 0፣ 180፣ 220፣ 260፣ 310። ከትንሽ ወደ ትልቅ በትክክል ተደርድሯል! ቅደም ተከተል ብቻ የሚመረምር ፈተና ብትጽፍ ይህን ያሳልፈዋል። ድምር የሚመረምር ፈተና ብትጨምርበትም፣ በአንተ ማሽን፣ ያሳልፈዋል። የመደርደሪያ ግዴታ ሁለት ነው፤ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል መሆን አለባቸው፣ ቁጥሮቹም የገቡት ራሳቸው መሆን አለባቸው። ሁለተኛውን ግዴታ ሰው ይረሳዋል። ስለዚህ ከመደርደርህ በፊት የድርድሩን ቅጂ አስቀምጥ። ከደረደርክ በኋላ በቅጂው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር በውጤቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቁጠር፤ በሁለቱም እኩል ጊዜ መገኘት አለበት። ይህን የሚሠራው ፈንክሽን ከአሥራ አምስት መስመር አይበልጥም፤ ኮድህን ባስነሣህ ቁጥር ይጠራ።

ፈተናውን በትንንሽ ድርድሮች ጀምር፤ ባዶ፣ አንድ ዓሣ፣ ሁለት ዓሣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል፣ ሁለት ዓሣ በተገላቢጦሽ፣ ሁሉም እኩል፣ ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ። የወሰን ስህተት የሚጋለጠው በብዛት አይደለም፤ ጫፍ ላይ ነው። መቶ ቁጥር አስገብተህ ከምትፈልገው ሁለት ቁጥር አስገብተህ ብትፈልገው ቶሎ ታገኘዋለህ።

አንድ ብልሃት ልጨምርልህ። ድርድሩን ከሚያስፈልግህ በአንድ ቦታ አስፋውና በትርፉ ቦታ ላይ ዘበኛ ቁጥር አኑር፤ ለመደርደሪያው ግን እውነተኛውን ብዛት ስጠው። ከደረደርክ በኋላ ዘበኛው በቦታው መኖሩን እይ። ብዙዎች ለዘበኛነት ትልቅና ለዓይን የሚታይ ቁጥር ይመርጣሉ፤ 9999 ለምሳሌ። ለዚህ ስህተት ግን ትልቅ ቁጥር የተኛ ዘበኛ ነው፤ የጓደኛህ ላፕቶፕ ላይ እንደሆነው ከሁሉ ስለሚበልጥ ማንም አይለዋወጠውም፣ ስህተቱም ያልፋል። ከዓሦቹ ሁሉ የሚያንስ ቁጥር፣ ለምሳሌ -1፣ አኑርበት። ሉፑ አንድ እርምጃ ከተሻገረ ያው -1 ወደ ዝርዝሩ ዘልቆ ገብቶ ራሱን ያጋልጣል።

መሣሪያ ካለህ ተጠቀምበት። ጂሲሲና ክላንግ የሚባለው ሌላ ኮምፓይለር አድሬስ ሳኒታይዘር የሚባል መርማሪ አላቸው፤ ኮዱን በኮምፓይለር ስታሳልፍ ካበራኸው ፕሮግራሙ ከድርድር ውጭ በረገጠበት ቅጽበት ይቆማል፣ የማረሚያ መረጃም አብሮ ከተጠየቀ የመስመሩን ቁጥር ይነግርሃል። በአንተ ኮድ ላይ የመጀመሪያው ዙር አምስተኛ እርምጃ ላይ ይይዘው ነበር። ወሰን ግን አለው፤ የሚይዘው በዚያ ሩጫ በእውን የተደረገን ጥሰት ብቻ ነው፣ ያልተኬደበትን መንገድ አያይም። በዊንዶውስ ላይ ከዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ከኮድ ብሎክስ ጋር አብሮ የሚመጣው ሚንጂደብሊው የተባለው ኮምፓይለር ብዙውን ጊዜ ይህ መርማሪ የለውም። ያኔ ዘበኛ ቁጥሩ ይበቃሃል፤ ወይም ሊኑክስ ያለው ሰው ጋር ሄደህ አንዴ አስነሣው። ቫልግራይንድ የተባለውን የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ ሰዎች ይመክሩሃል፤ ፕሮግራሙ እየሠራ በማሎክ ጠይቆ ለወሰደው ሜሞሪ ግሩም ነው፤ እንደ አንተ ድርድር በፈንክሽን ውስጥ ለታወጀ ግን እንዲህ ያለውን መሻገር አይይዝም። በዝምታው እንዳትታለል።

ክዊክ ሶርት ልጠቀም ወይ ላልከው፣ አሁን አትጠቀም። ወሰን መጠበቅ ያልለመደ እጅ በክዊክ ሶርት ውስጥ ወሰን የሚሳሳትበት ቦታ ይበዛበታል፤ ፈንክሽኑ ራሱን ስለሚጠራም በቆርኪ መከተል ይከብድሃል። ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፓይተን የሠራው ቲምሶርት የተባለ መደርደሪያ ወደ ጃቫም ተወስዶ ለዓመታት በዓለም ዙሪያ ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ትክክለኛነቱን በሒሳብ ለማረጋገጥ ሲሞክሩ በጃቫው ላይ ከአንድ የውስጥ ድርድር ወሰን ውጭ የሚያስረግጥ ስህተት አገኙ። ጃቫ ወሰን ስለሚመረምር እዚያ የሚታየው የስህተት መልእክት ነው፤ በሲ ቢሆን ጎረቤት በተነካ ነበር።

የፍጥነት ነገር ካሳሰበህ አስላው። ከላይ ያልኩት ቁጠባ ያለው ባብል ሶርት ለ10 ዓሣ 45 ማነጻጸር ያደርጋል፤ ለ1000 ደግሞ 499,500፤ ዛሬ ላለ ኮምፒውተር ይህ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው። የአክስትህ የአንድ ጠዋት ሚዛን ከዚህ አያልፍም። ትምህርቱን ስትቀጥል ኢንሰርሽን ሶርትን ተማር፤ ሰው ዓሣ በእጁ ሲደረድር የሚያደርገው እርሱን ነው፣ አንዱን አንስቶ በተደረደሩት መካከል ቦታውን ይፈልግለታል።

ለእውነተኛ ሥራ ግን ኪዩሶርት የሚባለውን፣ ከሲ መደበኛ ላይብረሪ ጋር የሚመጣውን መደርደሪያ ተጠቀም። ስሙ ክዊክ ሶርትን ቢያስመስለውም ደረጃው በውስጡ የትኛውን ዘዴ እንደሚጠቀም አያስገድደውም፤ እኩል ክብደት ያላቸው ዓሦች የመጡበትን ቅደም ተከተል እንደሚጠብቅም ቃል አይገባም። የሚጠይቅህ የማነጻጸሪያ ፈንክሽን ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይም ተማሪዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ክብደቱን በኪሎ፣ በነጥብ ቁጥር ይይዙና አንዱን ከሌላው ቀንሰው ልዩነቱን ይመልሳሉ። ፈንክሽኑ የሚመልሰው ሙሉ ቁጥር ስለሆነ 0.45 ሲቀነስ 0.31፣ ማለትም 0.14፣ ተቆርጦ 0 ይሆናል። 0 ማለት ለኪዩሶርት «እኩል ናቸው» ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ በታች ያሉ ቆሮሶዎች ሁሉ እኩል ተብለው ዝርዝሩ ሳይደረደር ይቀራል። ክብደትን በግራም፣ በሙሉ ቁጥር ያዝ፤ አሁንም እንዲሁ ስላደረግክ ደግ አድርገሃል። በማነጻጸሪያው ውስጥም አትቀንስ፤ ካነሰ -1፣ ከበለጠ 1፣ ካልሆነ 0 መልስ።

እንግዲህ የውስጠኛውን ሉፕ ሁኔታ «ጄ ሲደመር 1 ከኤን ያንሳል» አድርግ፤ ጄን ወደ 0 መልሰው፤ ብዛቱን ለፈንክሽኑ ከውጭ ስጠው፤ ሁለቱን ግዴታ የሚመረምረውን ፈንክሽን ጨምርና በሁለት ዓሣ ጀምረህ ወደ አምስት ውጣ። 180፣ 220፣ 260፣ 310፣ 450 እና 1420 መውጣት አለበት፤ መርማሪውም ማለፍ አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሌላ ቁጥር ካየህ ፋይሉን ሳትቆርጥ ላከው፤ በተለይ ድርድሩና ድምር የታወጁባቸውን መስመሮች፣ ኮምፓይለሩ ያወጣቸውን ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ጨምረህ።